በረዶው የወረደው በዓል ስለተሻረ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና አካባቢ ነው። በታኅሣሥ፣ የወሩ ሚካኤል ዕለት፣ ጎረቤታችን ጤፉን ሲያጭድ ዋለ። «ሬዲዮኑ ዝናብ ይመጣል ብሏል» አለን። በሦስተኛው ቀን እውነትም በረዶ ወረደና ያላጨድነውን ሁሉ ከምድር አጣበቀው። የእሱ ተከምሮ ስለነበር ተረፈ። አሁን አገሬው «በዓል ሽሮ በረዶ አመጣብን» ብሎ እሳት ከልክሎታል። ደብረ ማርቆስ የሚማረው ልጄ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «ስምንተኛው ሺህ ነው» ባይ ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዓመት ሙሉ የተለፋበት ጤፍ ለአጨዳ ደርሶ መሬት ላይ ሲነጠፍ ማየት አንጀት ይበላል። ጤፍ ደግሞ ፍሬው ደቃቅ ነው፤ አንዴ ጭቃ ውስጥ ከረገፈ ማን ይለቅመዋል?

ከሰውየው ልጀምር፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የእሱ ነገር ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ ሕዝቡ ሟቾቹን ኃጢአተኛ አድርጎ ነበር። ጌታ ግን «እላችኋለሁ፥ አይደለም፤ ነገር ግን ንስሐ ባትገቡ ሁላችሁ እንዲሁ ትጠፋላችሁ» አለ (ሉቃ 13፥5)። ንስሐን አላስቀረም። ጥሪው ግን ለሁሉም ነው፤ በአንድ ሰው ላይ ጣት መቀሰር የለበትም። ደግሞስ በረዶው የበዓል መሻር ቅጣት ከሆነ፣ የሻረው ሰው ጤፍ ተርፎ ያከበሩት ለምን ተመቱ?

በዓል ማክበር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሰንበትና የጌታ ዐበይት በዓላት ለድርድር አይቀርቡም። በእርሻና በመከር ጊዜም ቢሆን በሰባተኛው ቀን እንድናርፍ ኦሪት ታዝዛለች (ዘፀ 34፥21)። የወሩን ሚካኤልም ማስቀደስ፣ መዘከር፣ ድሃ ማብላት ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ጌታ በሬው ጉድጓድ የገባበት ሰው በሰንበት እንኳ ሳያወጣው እንደማይቀር ተናግሯል (ሉቃ 14፥5)። የደረሰ እህልን ከዝናብ ማዳንም ከዚህ ወገን ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየውን ኅሊናው ከቆረቆረው የንስሐ አባት አለው። ቀኖና የሚሰጠው ካህን ነው፤ የሰፈር ሸንጎ አይደለም።

ልጅዎ ያለውም ከሃይማኖት ጋር አይጣላም። ቤተ ክርስቲያናችን ክረምቱን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥራለች። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ነው፤ አበባውም አጨዳውም የሚውልበት። በዚያ ወቅት በረዶ ሲወርድ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን የአንድ ቀን በረዶ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ባለሙያዎች አየሩ ተለውጧል ለማለት የ30 ዓመት ያህል መዝገብ ያነጻጽራሉ። በረዶ የሚወርደው ደግሞ ከተነባበረ ረጅም ደመና ነው። ከታች የሚገፋው ነፋስ ጠብታውን ወደ ላይ ወስዶ ያረጋዋል፤ ሲከብድ ይለቀዋል። ለዚህ ነው አንዱን ማሳ ጨርሶ ከድንበሩ ማዶ ያለውን ሳይነካ የሚያልፈው። «መርጦ መታኝ» የሚያሰኘውም ይኸው ነው።

መዝገቡ የሚለውን ልንገርዎ። እንደ ፈረንጆች ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው ጋር ሲተያይ ምድር ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። ዋናው ምክንያት ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ጭስ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ ይዶፋል፤ ሲጠፋም መሬቱን ቶሎ ያደርቀዋል። የውቅያኖሶችም ነገር አለበት። በእኛ አቆጣጠር በ2007 ክረምት ኤልኒኖ የሚሉት የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ዝናቡን አሳጥቶ በ2008 ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በ2012 መኸር ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ክፍል ከልክ በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በዝናብ አጥለቀለቀ። ለዚህ ሁሉ ሙቀት የጎጃም ገበሬ ድርሻ ኢምንት ነው። ሌላው ባነደደው እኛ መቃጠላችን ያንገበግበኛል። የራሳችን በደል ግን ሌላ ነው፤ ጮቄ ተራራ ላይ አስታ የሚባለው ዛፍ ተመንጥሮ ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩን ወደ ዓባይ የምንሸኘው እኛው ነን። ምድርን እንድናበጃትም እንድንጠብቃትም ነበር የተሰጠችን (ዘፍ 2፥15)።

ዝናቡን የሚያዘንብ እግዚአብሔር ነው። ሥርዓቱን ማጥናት ኃጢአት የለውም። ዮሴፍ ራብ እንደሚመጣ ሲያውቅ ጎተራ አስሞላ። ሬዲዮ ሰምቶ ማጨድም ያው ነው።

ለባለቤትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። ራብና ቸነፈር እንደሚመጣ ጌታ ተናግሯል፤ ግን «አትደንግጡ» ብሎ ነው፤ እነዚህም የምጥ ጣር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደሉም (ማቴ 24፥6-8)። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ ሲያልቅና ሕዝቡ በራብ ሲረግፍ ዓለም ያለቀ የመሰለው ሰው አይፈረድበትም። ቀኑን ግን የሚያውቅ የለም። እኛ የታዘዝነው ተዘጋጅተን እንድንኖር ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርዎታለሁ። «በረዶ እመልሳለሁ» እያለ በየቤቱ እህል የሚሰበስብ ሰው ቢመጣ አንድ ቁና እንዳይሰጡ። ያ ጥንቆላ ነው።

ካህናቱ ምህላ ሲያውጁ ይውጡ። ዝናም በሚያስፈልገው ቦታ እንዲወርድ ሊጦን በሚባለው ጸሎት እንለምናለን፤ እርስዎም አብረው ይለምኑ። ነገር ግን እግዚኦታ እያሉ ጎረቤትን እሳት መከልከል አይሆንም። የንስሐ አባታችሁን ይዛችሁ ሰውየው ቤት ሂዱ። ከሽማግሌዎቹም ጋር አስታርቁት። እሱም ከተረፈው ጤፍ ለተጎዱት ለዘር የሚሆን ቢያበድር መልካም ነው፤ ይህን ካህኑ ይንገሩት፤ ከእርስዎ አፍ ከሰማው ካሳ የተጠየቀ ሊመስለው ይችላል።