ሲቲ ስካን ሳይነሱ ሄፓሪን መጀመሩ ትክክል ነበር?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ የ61 ዓመት አጎቴ በኮቪድ 19 ምክንያት ብርቱ የሳንባ ምች ይዟቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡና በቬንቲሌተር ሲረዱ ሰነበቱ። በዘጠነኛው ቀን ኦክስጅናቸው በድንገት ወረደ። ሐኪሞቹ «ሳንባቸው ውስጥ ደም ሳይረጋ አልቀረም» ብለው እግራቸውንና ልባቸውን በአልትራሳውንድ አዩ፤ እግራቸው ላይ ምንም አልተገኘም፣ የልባቸው ቀኝ ክፍል ግን ሰፍቷል ተባለ። ሲቲ ስካን ሳይነሱም ደም እንዳይረጋ የሚያግደው ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት ተጀመረላቸው። አሁን አገግመው ቤታቸው ናቸው፤ የቤተሰባችን ክርክር ግን አልበረደም። ታላቅ ወንድሜ «በግምት ነው ያከሟቸው» ይላል። እኅቴ ደግሞ «የሚጠቅም ከሆነ ለምን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሙሉ መጠን አልተሰጣቸውም?» ትላለች። የቱ ነው ትክክል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ አጎትዎ እንኳን ለቤታቸው በቁ። እናንተን ያከራከረው ጉዳይ በወረርሽኙ ወቅት ሐኪሞችንም ሲያከራክር የቆየ ነው።

ወደ ሳንባ የሚገባው የረጋ ደም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከእግር ጥልቅ ደም መልሶች ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ምክንያቶች ሦስት መሆናቸው ከጀርመናዊው ሐኪም ከሩዶልፍ ቪርኾ ዘመን ጀምሮ ሲነገር ኖሯል፤ እነርሱም የደም ዝውውር መቀዝቀዝ፣ የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ መጎዳትና የደሙ የመርጋት ዝንባሌ መጨመር ናቸው። በቫይረስ የሳንባ ምች ተይዞ፣ በማደንዘዣ ተኝቶ ለቀናት ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ሕመምተኛ ሦስቱንም አሟልቶ ይገኛል። በ2020 በሦስት የኔዘርላንድስ ሆስፒታሎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ 184 የኮቪድ ሕመምተኞች ሲጠኑ፣ ሁሉም መከላከያ መድኃኒት እየወሰዱ እንኳ 31 በመቶው የደም መርጋት ችግር እንደገጠማቸው፣ ከዚህም አብዛኛው በሳንባ ላይ እንደነበር ታውቋል። ኮቪድ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ ደሙ ከእግር ሳይመጣ እዚያው ሳንባ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። በኮቪድና በኢንፍሉዌንዛ የሞቱ ሰዎችን ሳንባ ያነጻጸረ ጥናት በኮቪዶቹ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ የረጋው ደም ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ የአጎትዎ እግር ንጹሕ መሆኑ ሳንባቸውም ንጹሕ ነው ለማለት አያስችልም ነበር።

ችግሩ ያለው በምርመራው ላይ ነው። የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መፍጠንና የኦክስጅን መውረድ በሌላ ሰው ላይ ቢታዩ ሐኪሙን ወዲያው ወደ ሳንባ የደም መርጋት ይመሩታል፤ የሳንባ ምቹ ግን እነዚህን ሁሉ ራሱ ያመጣቸዋል፣ የተኛው ሰውም «ደረቴን ወጋኝ» ሊል አይችልም። የመርጋቱን ዕድል በነጥብ የሚያሰላው የዌልስ መመዘኛ የልብ ምት ከ100 በላይ መሆኑንና አልጋ ላይ መዋልን ስለሚቆጥር፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነጥብ የማያገኝ ሰው ይጠፋል። ብዙ ቤተሰብ ቁጥሩን ይዞ የሚጨነቅበት ዲ-ዳይመር የተባለው የደም ምርመራም ቢሆን ዋነኛ ጥቅሙ ዝቅ ብሎ ሲገኝ «መርጋት የለም» ለማለት ነው። የተለመደው ወሰን 500 ናኖግራም በሚሊሊትር ሲሆን፣ በብርቱ የሳንባ ምች የተያዘ ሰው መርጋት ባይኖርበትም ከሰውነቱ ብግነት የተነሣ ብቻ ይህን ብዙ እጥፍ ያልፋል።

የተሻለው ማስረጃ በደም ሥር ቀለም እየተሰጠ የሚነሣው ሲቲ ስካን መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን በቬንቲሌተር የሚተነፍስን፣ ምናልባትም በሆዱ የተኛን፣ የደም ግፊቱ በመድኃኒት የተያዘን ሰው ከነቱቦዎቹ አንሥቶ ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ራሱ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ቀለሙም የተዳከመ ኩላሊትን ይፈትናል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ መጀመሪያ ሌሎቹን መንስኤዎች ያጣራል፤ ማለትም ቱቦው በአክታ ተዘግቶ ወይም ቦታውን ለቅቆ እንደሆነ፣ አየር ከሳንባ ወጥቶ ደረት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ በምርመራና በራጅ ያያል። እነዚህ ከሌሉ፣ ራጁም ከትናንቱ ካልባሰ፣ ኦክስጅኑ ግን ከወረደ፣ ጥርጣሬው ይጠናል።

የልብ አልትራሳውንድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የልብ ቀኝ ክፍል ደምን ወደ ሳንባ የሚገፋ በመሆኑ መንገዱ ሲዘጋበት ይሰፋል፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውንም ግድግዳ ወደ ግራ ይገፋል። እርግጥ የተጎዳ ሳንባና የቬንቲሌተሩ ግፊትም ቀኝ ልብን ሊያሰፉት ስለሚችሉ፣ ምስሉ ክብደት የሚኖረው ቀደም ሲል ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህ ተደርጎ እንደሆነ ደብዳቤዎ አይገልጽም። ያም ሆኖ በድንገት የተባባሰ ሕመምተኛ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የኦክስጅን መውረድና የሰፋ ቀኝ ልብ ሲገጣጠሙ ሄፓሪን መጀመርን እኔ ግምት አልለውም። ሲቲ ስካኑን መጠበቅ መድኃኒቱን ከመስጠት ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ሰዓት አለ።

ወደ እኅትዎ ጥያቄ ስመለስ፣ «ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሄፓሪን ደምን አያቀጥንም፣ እንዳይረጋ ያግዳል እንጂ፤ ስለዚህም መድማትን ያስከትላል። ሐሳባቸው በእርግጥ ተፈትኗል። በ2021 ውጤቱ የታተመ፣ በርካታ አገሮችን ያሳተፈ ጥናት በጽኑ የታመሙ 1,098 የኮቪድ ሕመምተኞችን ሲያነጻጽር፣ ከመጀመሪያው ሙሉ መጠን የወሰዱት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ አልሆነም፤ ከባድ መድማት ግን ከ2.3 ወደ 3.8 በመቶ ከፍ ብሏል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባልገቡት ላይ ግን ሙሉው መጠን ጠቅሟል። በአጎትዎ ደረጃ ለታመመ ሰው እንግዲህ ለሁሉም የሚሰጠው ዝቅተኛው የመከላከያ መጠን ሲሆን፣ ሙሉው መጠን የሚጠበቀው ጥርጣሬው ለጠናበት ወይም መርጋቱ ለተረጋገጠበት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። አጎትዎ ከቬንቲሌተሩ ወጥተው መንቀሳቀስ ሲችሉ ሲቲ ስካኑ ተነሥቶላቸዋል ወይ? የሳንባ የደም መርጋት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ቢያንስ ለሦስት ወር ስለሚወስድ፣ ምርመራው በጥርጣሬ ብቻ ከቀረ መቼ ማቆም እንዳለባቸው መወሰን ይከብዳል። የሆስፒታል መውጫ ወረቀታቸውን ይዘው የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ እስከዚያው መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ ይንገሯቸው፤ ጥቁር ሰገራ ካዩ ወይም አንድ እግራቸው ካበጠ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።