ሳይኮሎጂ በሁለተኛ ደረጃ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሐዋሳ ላይ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጄኔራል ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። በጎን ደግሞ የአሜሪካውን ኤፒ ሳይኮሎጂ ለመፈተን የሚዘጋጁ ልጆችን አግዛለሁ። «እዚያ ኮርስ ውስጥ ምንድን ነው የሚማሩት?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ሁሉንም እዚሁ ልመልስ።

መምህር፣ እኛ ትምህርት ቤት ሳይኮሎጂ የሚባል የለም። ኤፒ ምንድን ነው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

በመደበኛው ሥርዓተ ትምህርታችን 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ የለም፤ ብዙዎቻችሁ የምታገኙት ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ነው። ኤፒ የአሜሪካው ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጀው፣ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ትምህርትን ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያወርድ ፕሮግራም ነው። ፈተናው በግንቦት አካባቢ ይሰጣል፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። በሌሎቹ ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራሞች፣ በካምብሪጅ ኤ ሌቭልና በአይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት)ም ሳይኮሎጂ አለ።

ምዕራፎቹስ?

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጸው ጀምሮ አምስት ሆነዋል፦ የባሕርይ ሥነ ሕይወታዊ መሠረት (አንጎል፣ ነርቭ፣ እንቅልፍ)፣ አስተሳሰብና ትውስታ፣ ዕድገትና መማር፣ ማኅበራዊ ሳይኮሎጂና ስብዕና፣ የአእምሮና የአካል ጤና። አሮጌ መጽሐፍ ይዛችሁ ዘጠኝ ምዕራፍ ብታገኙ አትደንግጡ፣ የቀድሞው አከፋፈል ነው።

ልጄ ይሄን ከተማረ የሰው ሐሳብ ያነባል ማለት ነው? ጎረቤቶቼ እየፈሩት ነው። (እናት)

አይ እትዬ፣ ጎረቤቶችዎ ይረጋጉ። እንዲያውም ኮርሱ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው፤ «ይሄ ሰው እንዲህ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት ማስረጃ መጠየቅን።

የምርምር ዘዴ ለምን ይሄን ያህል ይበዛል? እኔ የመጣሁት ስለ ሰው ልማር ብዬ ነው።

ይሄን የሚጠይቀኝ ተማሪ ብዙ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ግን የኮርሱ ልብ እሱ ነው። ሐይቁ ዳር የሚያጠኑ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አመጡ እንበል። ሐይቁ ነው ያጎበዛቸው? ወይስ ሐይቅ ዳር ወርዶ የሚቀመጠው መጀመሪያውኑ ጊዜ ያለው፣ ቤት ውስጥ «ውሃ ቅዳ፣ ታናሽህን ያዝ» የማይባል ልጅ ነው? ሁለት ነገሮች አብረው ስለሄዱ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው አይባልም።

ለማወቅ ሙከራ ይሠራል። 60 ተማሪ ትወስዳለህ፣ ዕጣ ታወጣለህ፤ ግማሹን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል፣ ግማሹን ቤተ መጻሕፍት ታስቀምጣለህ። ያንኑ ገጽ፣ ለዚያው ደቂቃ፣ ከዚያ ያንኑ ፈተና። ዕጣው ጎበዙንም ሰነፉንም፣ ሥራ የሚበዛበትንም የማይበዛበትንም ለሁለቱ ወገን ያዳርሳል። ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቅበትን ልንገርህ፦ ተሳታፊዎችን ከሕዝቡ በዕጣ *መምረጥ* ግኝቱን ለሌላው ሰውም ለማዋል ይረዳል፤ የመረጥካቸውን በዕጣ *መመደብ* ደግሞ ምክንያትና ውጤትን ለመለየት። ሁለቱን አታደባልቅ።

ከሁሉም የሚገርምህ ጥናት የትኛው ነው?

የኤልዛቤት ሎፍተስና የጆን ፓልመር፣ እ.ኤ.አ. የ1974ቱ። ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» የተባሉት በአማካይ በሰዓት ወደ 65 ኪሎ ሜትር ገመቱ፤ «ሲነካኩ» የተባሉት ወደ 51። ፊልሙ ያው ነው። በሌላ ዙር ደግሞ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ «ሲላተሙ» በሚለው ቃል ከተጠየቁት 50 ሰዎች 16ቱ አዎ አሉ። የተሰበረ መስታወት ፊልሙ ላይ አልነበረም። መናኸሪያ በር ላይ ሁለት ባጃጆች ሲጋጩ ምስክሩ ሁሉ የየራሱን ሲናገር የሰማ ሰው፣ ሁሉም እየዋሸ እንዳልሆነ ከዚህ ይረዳል።

ፍሮይድስ?

ስለ ድብቁ የአእምሮ ክፍል በመጻፍ የታወቀው ኦስትሪያዊ ሐኪም? አለ፣ ግን ከስብዕና ንድፈ ሐሳቦች እንደ አንዱ። ሙሉ ኮርሱ ፍሮይድ የሚመስላችሁ ፊልም ስለበዛ ነው።

ሁሉም የፈረንጅ ጥናት ነው። እኛን ምን አገባን?

ቅሬታህ ትክክል ነው፤ ብዙዎቹ ተሳታፊዎች የአሜሪካና የአውሮፓ ሰዎች፣ ያውም የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ራሱ ኮርሱም ግኝት ከባህል ባህል ሊለያይ እንደሚችል ያነሳል። ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ ሕፃን ከእናቱ ጋር ስለሚፈጥረው ቁርኝት የምንማረው ትልቅ ክፍል የተጀመረው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነው። የሳይኮሎጂ ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ኡጋንዳ ሄዳ በካምፓላ ዙሪያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተከታተለች። እናቱ ከክፍሉ ወጥታ ስትመለስ ሕፃኑ ምን እንደሚያደርግ የሚታይበት ታዋቂው የላቦራቶሪ ሙከራዋ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ አሜሪካ ባልቲሞር ላይ ነው።

ሒሳብ አለው?

አማካይ፣ መካከለኛ ቁጥር፣ የመረጃ ስርጭት፣ ግራፍ ማንበብ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ያልከበደው አይቸገርም። ባዮሎጂ የሚጠላ ግን የነርቭ ክፍሉ ላይ ላብ ያጠምቀዋል።

ጓደኛዬ ከሰው መራቅ ጀምራለች፣ አትበላም። ኮርሱን ብወስድ ልረዳት እችላለሁ?

ኮርሱን አትጠብቂ እህቴ። ስለ ድባቴ ምልክቶች ትማሪያለሽ፣ ማከምን ግን አይደለም። ዛሬውኑ አነጋግሪያት፣ የምታምነው ትልቅ ሰው ይወቅ፣ አብረሻት ጤና ተቋም ሂጂ።

ፈተናው ምን ይመስላል?

በኮምፒውተር ነው። 75 የምርጫ ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት የጽሑፍ ጥያቄ በ70 ደቂቃ። አንደኛው አንድ ጥናት ሰጥቶ ያስተነትንሃል፤ ሁለተኛው ሦስት ጥናቶች ሰጥቶ በማስረጃ አቋም ያስይዝሃል። ምርጫው ከውጤቱ ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። እዚህ ከመዘጋጀትህ በፊት የት እንደምትፈተን አጣራ፤ ፈተናው ሁሉም ቦታ አይሰጥም።

ቃላቱ ብዙ ናቸው፣ ደጋግሜ ባነብም ይጠፉብኛል። ምን ላድርግ?

መልሱ ኮርሱ ውስጥ አለልሽ። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በልጠው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ የበለጡት ግን አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ስለዚህ ደብተርሽን ዝጊና ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሺውን ጻፊ፤ የጎደለውን ብቻ ተመልሰሽ እይ። ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ ምሳሌውን ግን በራስሽ ቋንቋ ከሰፈርሽ አውጪ። በሁለተኛው ቀን ድገሚው፣ ከዚያ በሳምንቱ።