ከባሌስትራው በፊት ሚዛኑ

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ባጭሩ ይህ ነው፦ ደብል ካቢን ሃይሉክስ አለህ፤ ጭነት ሳጥኑ ላይ የሚቀመጥና ሲያስፈልግ የሚወርድ ማደሪያ ቤት አሠርተህ ከሐዋሳ ወደ ባሌ ከቤተሰብ ጋር መውጣት ትፈልጋለህ፤ ቤቱ ከ600 እስከ 700 ኪሎ ይሆናል ተብለሃል፤ መኪናውን እንዴት ላዘጋጀው ነው ያልከው። ከኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ «ባሌስትራ ጨምር» ብለውሃል፤ ከመኪናዋ ሥር ጭነቱን የሚሸከመውን፣ ተደራራቢ የብረት ቅጠል የሆነውን ማለታቸው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለኔም የተነገረኝ ይኸው ነበር። ሰምቼ ጨመርኩ። ምን እንዳመጣብኝ ልንገርህ።

የመጀመሪያው ሳጥኔ (ማደሪያ ቤቱን ነው ሳጥን የምለው) አጥንቱ ቱቦላሬ፣ ቆዳው ላሜራ ነበር። የሠራልኝ ሰው እጁ የተባረከ በያጅ ነው፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ የግቢ በር ሲሠራ ስለኖረ የኔንም እንደ ግቢ በር ነው የሠራው፤ ሌባ እንዳይሰብረው፣ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ። ባዶውን 560 ኪሎ ሆነ። ይህን ያወቅኩት ደግሞ ከተቀባና ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ሂሳቡን ከኔ መኪና ላይ እንሥራው፤ አንተ የራስህን ቁጥር ትተካበታለህ። የተፈቀደላት ጠቅላላ ክብደት 2,900 ኪሎ ነው። ናፍታ ሞልታ፣ ሰው ሳይገባባት ሚዛን ላይ ስትወጣ 1,960 ሆነች። ልዩነቱ 940። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «አንድ ቶን ለመጫን ምን ቀረኝ» ይላል። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች 210 ኪሎ ነን፤ ቀረ 730። የብረቱ ፓራውልት፣ ሁለተኛው ስኮርታና የመፍቻ ሳጥኑ 90፤ ቀረ 640። ሰማንያ ሊትር ውሃ ማለት ሰማንያ ኪሎ ነው፤ ቀረ 560። ጋዙ ከነሲሊንደሩ 27፤ ቀረ 533። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ባትሪ፣ ድስት፣ ምግብ፣ ልብስ ተደምሮ 100 ገደማ። ለሳጥኑ የተረፈው 433 ኪሎ ብቻ ነው። የኔ 560 ነበር። ገና ከግቢ ሳልወጣ 127 ኪሎ አልፌያለሁ።

ስለዚህ 700 ኪሎ ያሉህን ቤት በሃይሉክስ አትጫነው። ይህን ስልህ ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም። ቪዲዮ ላይ የምናያቸው አንድ ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ የአሜሪካ ማደሪያዎች የሚጫኑባቸው መኪናዎች ሌላ ፍጥረት ናቸው፤ ብዙዎቹ ኋላ ጎማቸው ድርብ ነው። እንዲያ ያለ ቤት ካማረህ አይሱዙ ኤንፒአር ፈልግ፤ ለዚያ የተሠራ ነው። በሃይሉክስህ ከጸናህ ግን በያጁ ጋ ስትሄድ ሥዕል ብቻ ይዘህ አትሂድ፤ ኪሎም ይዘህ ሂድ። «ከ350 እንዳይበልጥብኝ» በለው። ሁለተኛው ሳጥኔ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል አጥንት አለው፤ ግድግዳው ቀጭን ኮምፔንሳቶ በሁለት ወገን፣ መሃሉ ፎም። 310 ኪሎ ነው። ከላሜራው ይልቅ ሙቀትም ብርድም ይከለክላል፤ ይኼኛውን ያወቅሁት ባሌ፣ ዲንሾ ላይ ሌሊቱን ነው።

የራስህን ቁጥር ለማወቅ ሊብሬህንና የሾፌሩ በር ቋሚ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ እይ። ከዚያ እህል ወይም ቡና የሚመዝን የመኪና ሚዛን ያለው ሰው ለምነህ ሦስት ጊዜ ተመዘን፦ መኪናዋ በሙሉ፣ የፊት ጎማ ብቻ፣ የኋላ ጎማ ብቻ። ሦስተኛውን ሰው ይንቀዋል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ ነው።

ምክንያቱም ክብደቱ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደተቀመጠም ይቆጠራል። ደብል ካቢን ላይ የጭነት ሳጥኑ ብዙው ክፍል ከኋላ አክሰል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) ወደ ኋላ ነው ያለው። የሃይሉክስ ደብል ካቢን የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 3.085 ሜትር ነው። የ80 ኪሎ ውሃ ታንከርህን ከኋላው አክሰል 1 ሜትር ወደ ኋላ ብታስቀምጠው ከፊት ጎማ ላይ 26 ኪሎ ያነሳል፤ ኋላው ላይ የሚያርፈው 80 ሳይሆን 106 ይሆናል። ልክ ልጆች በእንጨት ላይ ተቀምጠው ሽቅብ ቁልቁል እንደሚጫወቱት። እኔ ውሃውንም ጋዙንም ባትሪውንም ከበሩ አጠገብ፣ ማለትም ከጫፉ ላይ፣ ደርድሬ ነበር፤ ለእጅ ይመቻል ብዬ። ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ ዳገቱን ስጀምር መሪው ቀለለኝ። በአንድ ጣት ይዞራል። መጀመሪያ ደስ አለኝ እንኳ። ኩርባ ላይ ስገባ ግን መኪናዋ መሪውን ሳትሰማ ቀጥ ብላ ልትሄድ ስትል ነው የገባኝ።

አሁን ከባዱ ነገር ሁሉ ከካቢኑ ጀርባ ተጠግቶ ወለል ላይ ነው። የሳጥኑን የክብደት መሃል ለማግኘት ኮምፒውተር አያስፈልግም። መሬት ላይ አንድ ወፍራም ቱቦ አስተኛና የተሞላውን ሳጥን በላዩ አንከባለው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይወድቅ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ቦታ መሃሉ ነው። እዚያ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርግ። ሳጥኑ መኪናዋ ላይ ሲቀመጥ ያ ምልክት ከኋላው አክሰል ትንሽ ወደ ፊት መዋል አለበት። ካልዋለ ዕቃውን አዛውር። ሲጫን የኋላውን ስፖንዳ (የጭነት ሳጥኑን መዝጊያ) ፍታው፤ ኪሎም ይቀንስልሃል።

ወደ ባሌስትራው ልምጣ። አዎ፣ 400 ኪሎ ቋሚ ሆኖ ሲቀመጥባት መኪናዋ ትጎነብሳለች፤ ጠንከር ያለ ባሌስትራ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ባሌስትራ ከፍታዋን ይመልስልሃል እንጂ የተፈቀደላትን ኪሎ አይጨምርም። አክሰሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው (መኪናዋን ሙሉ የተሸከመው የሥር አጥንት) ያው የድሮዎቹ ናቸው። ለኔ አንድ ጋራዥ ከሌላ መኪና የተፈታ ሁለት ቅጠል ጨመረልኝ፤ ኋላዋ ሰማይ ጠቀሰ። ከዚያ ወዲህ ፍሬን ስይዝ ፊቷ ብቻ ይደፋል፤ ኋላው የሚይዝ አይመስልም። ሸራ ቀየርኩ፣ ታምቡር አስፈተሽኩ፣ የፍሬን ዘይት አስቀየርኩ፤ ምንም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሥሯ ገብቶ አንዲት ዘንግ አሳየኝ። ብዙ የቆዩ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላው አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች። ኋላው ዝቅ ሲል «ጭነት አለ» ብላ ለኋላ ፍሬን ግፊት ትጨምራለች፤ ከፍ ሲል «ባዶ ናት» ብላ ትቀንሳለች። እኛ ባሌስትራ ጨምረን ስናነሳት ቫልቯን ዋሸናት። ግማሽ ቶን ተሸክማ ባዶ ነኝ ብላ ታምናለች። ባሌስትራ ካስቀየርክ ይህች ዘንግ የግድ እንደገና ትስተካከል። ይህን ሳይነግሩህ ባሌስትራ የሚጨምሩልህ ይበዛሉ።

ቅጠል ከመለቃቀም ሙሉ ስብስቡን ለቋሚ ጭነት በተሠራ ቀይር፤ ሾክ አብዞርበሩንም አብረህ። የደከመውን ባሌስትራ እሳት ውስጥ ከትቼ ላቃናልህ የሚልህን አመስግነህ እለፈው፤ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣና ከጥቂት ወር በኋላ ተመልሶ ይተኛል። በአየር የሚነፋ ረዳት ከረጢት ከአክሰሉ በላይ ስለመግጠም የጠየቅከውንም እኔ አልመክርህም። ባሌስትራ ክብደቱን ሻንሲው ላይ በሁለቱ ጫፎቹ ያካፍለዋል፤ ከረጢቱ ግን መሃል ላይ በአንድ ነጥብ ይገፋል። ከኋላ የተንጠለጠለ ከባድ ጭነትና ጉድጓድ ሲጨመርበት ደብል ካቢን ሻንሲው ከካቢኑ ጀርባ የሚታጠፈው በዚህ ነው። የታጠፈ ሻንሲ ደግሞ ወገቡ እንደተሰበረ በሬ ነው።

ጎማ። ጎኑ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ፦ 108 ከሆነ አንዱ ጎማ 1,000 ኪሎ፣ 110 ከሆነ 1,060፣ 112 ከሆነ 1,120 ይሸከማል። ያም በተባለለት ንፋስ ሲሞላ ነው። ንፋሱን ጠዋት ሳትነዳ ለካ፤ ጎሚስታው ጋ በጋለ ጎማ የሚለካ ቁጥር ያታልላል። አራት አሃዝ ያላት ቀንም አለች፤ 2319 ብትል በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምር እንኳ ዕድሜው የገፋ ጎማ ላይ ቤተሰብህን አትጫን። ስኮርታውም እንደ አራቱ ይሁን። ክሪክህም፦ ሳጥኑ እንደተጫነ አንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ ጎማ ፍታበት። የኔ ክሪክ አዳባ መንገድ ላይ አልችልም አለኝ፤ የአይሱዙ ሾፌሮች ናቸው ያነሱልኝ።

ማሰሪያውን ጭነት ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አታስር። እሱ ስስ ላሜራ ነው፤ የኔ ማዕዘኑ ላይ ተሰነጠቀ፤ ሳጥኑም አራት ጣት ወደ ኋላ ሸሸ። አራት መያዣ ከሻንሲው ጋር በብሎን አስገጥም፤ ሻንሲውን ግን አታስበይደው። በመጠምዘዝ የሚወጠር ማሰሪያ ተጠቀም፤ ሥሩ ወፍራም ላስቲክ አንጥፍ፤ መንሸራተቱን ግማሹን የሚያስቀረው ላስቲኩ ነው። አዲስ የታሰረ ነገር ይላላል፤ ከሐዋሳ ስትነሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና እዚያ ቁርስህን በልተህ ማሰሪያውንም የጎማውን ዳዶም እንደገና አጥብቅ። ማታ ደግሞ የፊት መብራትህን ግድግዳ ላይ አብርተህ እይ፤ ኋላዋ ከጎነበሰ መብራቱ ሽቅብ ሄዶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውረዋል።

የባሌን ከፍተኛ ሜዳ፣ ሳነቴን ትወጣለህ፤ መንገዱ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ነው። ልብ የሚያስፈልገው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ፣ ወደ ዶሎ መና ስትወርድ ገና ከላይ ሳለህ ማርሽ ቀንስ። እኔ በሦስተኛ ማርሽ ጀምሬ ፍሬን እየያዝኩ ወረድኩ፤ ከግማሽ በኋላ የጋለው ፍሬን ሽታ ካቢን ገባ፣ ፔዳሉም ለሰለሰ። ቆመን አንድ ሰዓት ያህል ጉሬዛ ስናይ ቆየን። ልጆቹ እስካሁን ሆን ብዬ ያቆምኩላቸው ይመስላቸዋል።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅህ፦ ከሰል። ዲንሾ ሌሊት ይበርዳል፤ ባለቤትህም ቡናዋን አፍልታ ማንደጃውን እዚያው ልታሳድር ትችላለች። በፍጹም አይደረግም። እንዲህ ባለች ትንሽ ዝግ ክፍል የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል። ለጋዙ ወለሉ አጠገብ የማይደፈን ቀዳዳ ተውለት፤ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ከላይም ሌላ ቀዳዳ ይኑር፤ በወንፊት ሽቦ ሸፍነው። እኔ ሳልሸፍን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዛፍ ሥር አቁሜ ጦጣዎቹ የሁለት ቀን ዳቦ ወስደውብኛል።

የመጀመሪያ ጉዞህ ባሌ አይሁን። ወንዶ ገነት ሂድና አንድ ሌሊት እደር፤ ስትመለስ ሳታራግፍ ከነሰዉ ከነውሃው በቀጥታ ሚዛኑ ላይ ውጣ። ኢንሹራንስህንም ከመነሳትህ በፊት በጽሑፍ አሳውቅ። ሚዛን ላይ ያገኘኸውን ሦስቱን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝና የኋላው አክሰልህ ምን ያህል እንደቀረው አብረን እናያለን።