ለአዲስ የብሎክ ኮሚቴ፦ ከግንቦት እስከ መስቀል በኮንዶሚኒየም ግቢ ምን ይሠራል፣ ለነዋሪውስ እንዴት ይነገራል?

ሰላም ለእናንተ። ጥያቄያችሁ «አዲስ የተመረጥን የብሎክ ኮሚቴ ነን፤ ሕንፃው ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከክረምቱ በፊትና በበዓላቱ ሰሞን ምን እንሥራ? በቴሌግራም ስንለጥፍ ማንም አይመጣም፤ ነዋሪውን እንዴት እናሳውቅ?» የሚል ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች አልነጣጥላቸውም። የጣሪያ ጥገናም ሆነ የሮቶ እጥበት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ባለሙያ ጠፍቶ ሳይሆን አንድ ጎረቤት በጊዜው ሳይነገረው ስለሚቀር ነው። ስለዚህ በየሥራው ነዋሪው ምን ማወቅ እንዳለበት አብሬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ጊዜው። አብዛኛው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ሰኔ ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ረፍዷል። ሲሊኮን እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይይዝም፣ ልስን አይደርቅም፣ ሠራተኛም በዝናብ አምስተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ መውጣት የለበትም። ግንቦትን የሥራ ወር፣ ሰኔን የመፈተሻ ወር አድርጉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚቀረው ሥራ የተጠረገው እንዳይደፈን መጠበቅ ብቻ ይሁን። ስብሰባውን ከግንቦት የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች በአንዱ፣ ከቀትር በኋላ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ አድርጉት፤ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። የአረፋ በዓል በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል፤ በእነዚህ ዓመታት የሚውለው ግንቦት ውስጥ ስለሆነ የጥገናና የውሃ መዝጊያ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ።

ጣሪያው ላይ የሚወጣው ሰው ቆርቆሮው ደርቆ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በገመድ ታስሮ ይውጣ። ሲራመድ የምስማሩን መስመር ይርገጥ፤ ከሥሩ ደጋፊ ያለው እዚያ ነው። መሃል ለመሃል ከረገጠ ቆርቆሮው ይጎብጣል፣ የጎበጠው ቦታ ውሃ ያቁራል። ከዝገት በፊት የሚታየው ዲሽ ነው። ቆርቆሮውን በስቶ በቡሎን የታሰረ ዲሽ ነፋስ በነቀነቀው ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ውሃው ደግሞ ቀዳዳው ባለበት ቤት ሳይሆን ተንሸራቶ ሌላ ሰው ኮርኒስ ላይ ስለሚወርድ የዲሹ ባለቤት ነገሩን አያውቀውም። ዲሹ ወደ ግድግዳ ወይም ራሱን ችሎ ወደሚቆም ብረት ይዛወር። ቀዳዳው በቁራጭ ቆርቆሮ ይሸፈን፤ የቁራጩ የላይኛው ጠርዝ ከላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ ዙሪያው በሲሊኮን ይያዝ፣ ምስማሩ ጎማ ያለው ይሁን። ሲሚንቶ በፍጹም አትለጥፉበት። ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ብዙም ሳይቆይ ይሰነጠቃል። የዲሽ ባለቤቶች ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይነገራቸው። አንድ ሰው ኳስ እያየ ድንገት ዲሹ ቢነሳበት የዓመቱን ትብብር ታጣላችሁ።

አሸንዳውን ማንም እንዳያቃልለው ሒሳቡን በስብሰባ ላይ ንገሩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 400 ካሬ ቢሆንና በአንድ ሰዓት 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 10,000 ሊትር ይወርዳል፤ አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ ማለት ነው። ከአራት መውረጃ ቱቦዎች ሁለቱ ከተደፈኑ ይህ ውሃ በብሎኬቱ በኩል ወደ መኝታ ቤት ነው የሚሄደው። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። ከጠረጋችሁ በኋላ አንድ ባልዲ ውሃ ጫፉ ላይ ድፉ፤ መሃል ላይ የሚቆም ውሃ ካለ ማቀፊያ ብረቱ ረግቧል ማለት ነው፣ ይነሳ። የመውረጃው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት ይደረግ። ወንፊቱ ራሱ በቅጠልና በላስቲክ ስለሚደፈን ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ዝናብ በሌለበት ጠዋት ይጠረግ።

አሁን ብዙ ብሎክ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የአሸንዳው ቱቦ መጨረሻው የት ነው? ከሽንት ቤት ፍሳሽ ማንሆል ጋር ከተገናኘ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር መስመሩ ሞልቶ ፍሳሹ በምድር ቤቱ መጸዳጃ ተመልሶ ይወጣል። ለመፈተሽ በደረቅ ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ በቱቦው ልቀቁና ማንሆሉን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ውሃው እዚያ ከታየ መስመሩ ተቆርጦ ወደ ጎርፍ ቦይ ይዙር። ከሁሉም ሥራ አንድ ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይህን ሥሩ፤ ምድር ቤት ያሉ ቤተሰቦች የሌላውን ሁሉ ቆሻሻ በቤታቸው እንዲቀበሉ መተው ተገቢ አይደለም።

ማንሆሎቹን ከላይ ጀምራችሁ በቀለም ቁጥር ስጧቸው፣ ክዳናቸውንም በአንድ ቀን ክፈቱ። አንዱ ሞልቶ ቀጣዩ ደረቅ ከሆነ መዘጊያው በሁለቱ መካከል ነው። መዘጊያውን የሚያስለቅቀው ረጅም ዘንግ ከደረቁ ማንሆል በኩል ወደ ላይ ይገፋ፤ ሲለቅ በኃይል ስለሚመጣ ገፊው ከአፉ ዞር ብሎ ይቁም። ማንም ሰው ውስጡ አይግባ፤ ያለው ጋዝ ሽታ ሳይሰጥ ሊገድል ይችላል። ከሳይቱ ዋና መስመር የመጣ መዘጋት ከሆነ 906 ደውላችሁ ለውሃና ፍሳሽ አስመዝግቡ። ሴፕቲክ ታንክ ያላችሁ ግንቦት ላይ አስመጥጡት፤ ክረምት ከገባ የመምጠጫው መኪና ጭቃ ውስጥ ይቀራል። የጠፋ ክዳን በብረት የታሰረ የኮንክሪት ክዳን ይተካ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሚሆን ልጆች ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ጎርፍ የሸፈነውን ክፍት ማንሆል ልጅ አያየውም።

ለነዋሪው ስለ ፍሳሽ ስትጽፉ «ንጽሕና ጠብቁ» ብላችሁ አትለፉ። ከመስመሩ የሚወጣውን በስሙ ጥሩት፦ ሞዴስ፣ ዳይፐር፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገራባ፣ የቀለጠ ቅባት።

ሮቶውን የምታጥቡት ውሃ በፈረቃችሁ ከመምጣቱ በፊት ባለው ቀን ይሁን፤ በተቃራኒው ካደረጋችሁት ሞልቶ የመጣውን ውሃ ትደፋላችሁ። ከታች ያለው ደለል መጀመሪያ ይውጣ፣ ግድግዳው ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ ይፈተግ። ቀጥሎ 1 ሊትር በረኪና በ9 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ውስጡን ሁሉ ቀቡት፣ 30 ደቂቃ ቆዩ፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ውሃ የማያሳስባችሁ ከሆነ ሮቶውን ሞልታችሁ በየ1,000 ሊትሩ 1 ሊትር በረኪና ጨምሩና አሳድራችሁ ድፉት፤ ቱቦዎቹም አብረው ይጸዳሉ፣ ግን በዚያ ሌሊት ማንም ከቧንቧ እንዳይጠጣ በየበሩ መነገር አለበት። በረኪናን ከአሲድ ጋር አታቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ፓምፑን ሮቶው ባዶ ሳለ አጥፉት፣ ደርቆ ሲሽከረከር ይቃጠላልና። መብራት ሄዶ ሲመለስም 10 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አስነሱት፤ ኃይሉ ሲዋዥቅ የተነሳ ሞተር ዕድሜው ያጥራል።

ስለ መብራት ዋናው ነገር ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ 10 ቤት እኩል ሲለኩስ 35 ኪሎ ዋት በአንድ ጊዜ ይፈለጋል፣ ብሬከሩም ይወርዳል፤ ሲብስ ገመዱ ይቀልጣል። ጳጉሜን ላይ በፎቅ ተራ አውጡ፦ ምድርና አንደኛ ፎቅ አንድ ቀን፣ ሁለተኛና ሦስተኛ በማግስቱ፣ አራተኛ በሦስተኛው። ሥራ ውለው ማታ ብቻ የሚጋግሩ ሰዎች በተራው ይስማሙ፤ እነሱ ካልተጠየቁ ተራው በመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል። ምጣድ በኤክስቴንሽን አይሠራ። የቆጣሪ ሳጥኑ ላይ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ራሳችሁ አትንኩት፤ 905 ደውሉ፣ እስኪመጡም ልጆች እንዳይጠጉ አድርጉ።

ዕርድ ኮሚናል ሕንፃው ውስጥ በተዘጋጀለት ቦታ ብቻ ይሁን እንጂ ደረጃ ሥር አይሁን። የበግ ሆድ ዕቃ በልብስ ማጠቢያው ሲታጠብ ፈርሱ መስመሩን ይደፍናል፤ የበዓል ማግስት ሽታ ምንጩ ይህ ነው። ፈርሱና ደሙ የሚገባበት ጉድጓድ ቀድሞ ይቆፈር፣ ኖራ ተነስንሶበት አፈር ይመለስበት። ቆሻሻ ከሚያነሳላችሁ ማኅበር ጋር ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ተነጋግራችሁ በማግስቱ ተጨማሪ ዙር እንዲመጡ አስማሙ፣ የሚከፈለውንም ቀድማችሁ ቁረጡ። ቆዳ የሚወስድ ሰው ካልተገኘ በየጥጉ ከመጣሉ በፊት የሚሰበሰብበት አንድ ቦታ ይወሰን። የበሬ ቅርጫ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ከወረዳው ጋር ተነጋገሩ።

ለቡሄና ለእንቁጣጣሽ ችቦ፣ መስከረም 16 ለሚለኮሰው የግቢ ደመራም ቦታው ኮሚቴው የወሰነው ይሁን። ደመራው ከሕንፃ፣ ከመኪናና ከመብራት ሽቦ ቢያንስ የቁመቱን ሦስት እጥፍ ይራቅ። እንጨቱ በዝናብ ሲረጥብ ቤንዚን የማርከፍከፍ ልማድ አለ፤ እሳቱ ወደሚያርከፈክፈው ሰው ስለሚዘል ከልክሉ። ይልቅ ደረቅ ችቦ ከዝናብ ተጠልሎ ይቆይና መሃሉ ላይ ይግባ። ሁለት በርሜል ውሃና አሸዋ አጠገቡ ይቁም፣ 939 ሁሉም ስልክ ላይ ይመዝገብ።

ለቅሶ ቀጠሮ የለውም፣ በክረምት ደግሞ ይከብዳል። የድንኳን ቦታ ዛሬውኑ ምረጡ፦ ከጎርፍ መውረጃ ከፍ ያለ፣ ጠጠር የለበሰ፣ ከሥሩ የውሃ ቱቦም ሆነ ገመድ የማያልፍበት። የድንኳን ካስማ የቀበረ ሰው የብሎኩን ውሃ ቢቆርጥ ሐዘንተኛው ላይ ሌላ ሐዘን ነው። መብራቱም ከኮሚናሉ ቆጣሪ ይሳብ፤ ከአንድ ሰው መስኮት ተንጠልጥሎ በእርጥብ ሣር ላይ የሚያልፍ ገመድ አደጋ ነው። ይህንን ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋገሩበት።

አሁን ወደ ማስታወቂያው። ቴሌግራም ለማስታወስ ይጠቅማል፤ ውሳኔ ግን በወረቀት ይነገር፣ ደረጃው መግቢያ ላይ በዓይን ቁመት፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ ተሸፍኖ። አንድ ወረቀት ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ ይጻፍ። ሰው ሳያነብ የሚያልፈው «የተከበራችሁ ነዋሪዎች» ከሚለው ቀጥሎ ሦስት መስመር መግቢያ ሲያገኝ ነው። የሚነበበው እንዲህ ያለው ነው፦

«ቅዳሜ ግንቦት 15 ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውሃ አይኖርም። ሮቶ ይታጠባል። ዓርብ ማታ የአንድ ቀን ውሃ ቅዱ። ከ9 ሰዓት በኋላ ቧንቧ ስትከፍቱ የበረኪና ሽታው እስኪጠፋ ይፍሰስ፣ ነጭ ያልሆነ ልብስ አትጠቡ። ጥያቄ ካለ ለፎቅ ተወካያችሁ።»

ከሳምንት በፊት ለጥፉ፣ በዋዜማው የፎቅ ተወካዩ በየበሩ ያንኳኳ። ማንበብ ለሚቸግራቸው አባቶችና እናቶች ይኸው ቃል በድምፅ ተቀርጾ ይላክ። ግቢው ውስጥ ኦሮምኛ ተናጋሪ ብዙ ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ጻፉት።

ገንዘብ ስትሰበስቡ ባለቤትንና ተከራይን ለዩ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣሪያውና ደረጃው የባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ነው፤ ስለዚህ የጣሪያ ጥገና መዋጮ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። የጽዳት፣ የጥበቃና የኮሚናል መብራት ወርሃዊ ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ ተከራዩ ይሸፍነዋል፤ መተዳደሪያ ደንባችሁ የሚለውን ተከተሉ። ሌላ ቦታ ለሚኖር ባለቤት የሚያፈሰውን ቦታ ፎቶና የሦስት ሠራተኞችን ፕሮፎርማ አብራችሁ ላኩለት፤ «ገንዘብ ላክ» ብቻ ሲባል ዝም ይላል። ገንዘቡ በሁለት ወይም ሦስት ፈራሚ የባንክ ሒሳብ ይግባ እንጂ በአንድ ሰው ስልክ ላይ አይቀመጥ። የወሩ ገቢና ወጪ ከደረሰኙ ፎቶ ጋር ይለጠፍ። ያልከፈለ ሰው ስም ግን አትለጥፉ፤ ሁለት ሽማግሌ ቤቱ ሄደው ያነጋግሩት፣ የቸገረውም ሊሆን ይችላል። ለጣሪያ ሠራተኛው ከውሉ 10 በመቶውን እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያዙ፣ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሥራውን የሚፈትነው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነው።

ጣሪያችሁ ስንት መውረጃ እንዳለው፣ ማንሆሉ ወዴት እንደሚፈስና ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ከፎቶ ጋር እዚሁ ለጥፉ፤ የሥራ ዝርዝሩን ወጪ ከመጠየቃችሁ በፊት አብረን እናየዋለን።