ሌሊቱን አጥንቼ ፈተና ላይ ለምን ይጠፋብኛል?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ደብተሬን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ ዋና ዋናውን በቀለም አሰምርበታለሁ። ሳነበው ሁሉም ይገባኛል። ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ባዶ! እናቴ ጭንቀት ነው ትላለች። እኔ ግን ጭንቅላቴ ደካማ ነው ብዬ ማመን ጀምሬያለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ጭንቅላትሽ ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው አጠናንሽ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ይስተካከላል። አንድን ገጽ ደጋግመን ስናነበው ዓይናችን ይለምደዋል፣ ይሄ መላመድ ነው "አውቄዋለሁ" የሚያሰኘን። ፈተና ግን ገጹን አይተሽው ታውቂ እንደሆነ አይጠይቅሽም፣ ደብተሩ በሌለበት ከራስሽ አውጥተሽ እንድትጽፊ ነው የሚፈልገው። ማውጣቱን ደግሞ ቤት ውስጥ አልተለማመድሽውም።

ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት የአንቺን ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድ ጽሑፍ እየደጋገመ አጠና። ሌላው አንዴ ብቻ አጥንቶ፣ ከዚያ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ እያስታወሱ የጻፉት 61 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ያነበቡት 40 በመቶ ላይ ቀሩ። የሚገርመው፣ "በደንብ እናስታውሰዋለን" ብለው ይበልጥ የተማመኑት እነዚሁ ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ስለዚህ አነበብኩት ስትዪ የሚሰማሽን እርግጠኝነት አትመኚው።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። አንድ ርዕስ አንብቢና ደብተሩን ዝጊው። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው የሚወጣልሽ፣ ተስፋ አትቁረጪ፣ ትምህርቱ የሚገባው ያኔ ስትታገዪ ነው። ከዚያ ደብተሩን ገልጠሽ የቀረውን በቀይ እስክሪብቶ ሙዪ። ያንኑ ርዕስ በማግስቱ፣ ከዚያ ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ እንደገና ሞክሪው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው የፊደል ጥምረቶችን ራሱ እየሸመደደ ባደረገው ሙከራ፣ ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማጥናት በአንድ ቁጭታ ከመደጋገም እንደሚሻል እ.ኤ.አ. በ1885 ጽፎታል። ይኸው እስከዛሬ እኛ ለፈተና ዋዜማ እናከማቻለን! የድሮ የመግቢያ ፈተናዎችንም መልሱን ሳታዪ ሥሪያቸው። እንቅልፍሽን ደግሞ አትሠዊው፣ ያጠናሽው የሚረጋው ስትተኚ ነው። እናትሽም አልተሳሳቱም፣ ጭንቀት ያለ ነገር ነው፤ ግን ቤት ውስጥ ራሷን ደጋግማ የፈተነች ልጅ አዳራሽ ስትገባ ያን ያህል አትደነግጥም።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ማንበብ ይወዳል። አባቱ ይበልጥ እንዲበረታ ብሎ ለአንድ መጽሐፍ 50 ብር መስጠት ጀመረ። አሁን ቀጫጭኑን እየመረጠ ያነባል፣ ብር ከሌለ ደግሞ አይነካውም። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ 50 ብሩን ያቁሙት፣ እናቴ። አባትየው በቅንነት ነው ያደረጉት፣ ግን ልጁ ለደስታው ሲያደርገው የነበረው ነገር ሥራ ሆኖበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው ለአንዳንዶቹ "ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት እንሸልማችኋለን" አሏቸው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ እነዚህ ልጆች በነፃ ጊዜያቸው ሽልማት ካልተገባላቸው ልጆች በግማሽ ያህል ያነሰ ጊዜ ነው የሳሉት። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ሽልማት ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ልጁ ጨርሶ የማይወደውን ነገር ለማስጀመር ሊረዳ ይችላል። የእርስዎ ልጅ ግን ማስጀመሪያ አያስፈልገውም ነበር። የኪስ ገንዘብ ከፈለጉ ከንባቡ ጋር ሳያያይዙ ይስጡት። ማታ ማታ ደግሞ "እስቲ ያነበብከውን ንገረኝ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?" ይበሉት፣ መጽሐፉንም ራሱ ይምረጥ። ለጥቂት ሳምንታት ሊያኮርፍ ይችላል፣ ይታገሱት።

ጥያቄ፦ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ወደቀ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አየ። ሕዝባችን ጨካኝ ሆነ ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ብዙ ሰው ባለበት እያንዳንዱ "ሌላው ይረዳዋል" ብሎ ይጠብቃል፣ ሌላው ዝም ሲል ደግሞ "ምንም አልሆነ ይሆናል" ይላል። ዳርሊ እና ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ኒውዮርክ ውስጥ ባደረጉት ሙከራ፣ በሽታ የጣለውን ሰው ድምፅ ብቻችንን እየሰማን ነው ብለው ካሰቡት 85 በመቶው ሰውየው ዝም ከማለቱ በፊት ለእርዳታ ተነሱ። ሌሎች አራት ሰዎች አብረውን እየሰሙ ነው ካሉት ግን 31 በመቶው ብቻ። ስለዚህ ሌላ ቀን እንዲህ ካጋጠመህ ለሕዝቡ በጅምላ አትጩህ። አንድ ሰው ለይተህ ጥራ፦ "አንቺ ሰማያዊ ሻርፕ ያደረግሽው፣ 907 አምቡላንስ ደውይ! አንተ ደግሞ ና፣ እግሩን ያዝልኝ!"