ጥያቄና መልስ፦ ድንቅነሽ የጥፋት ውኃ ቅሪት ናትን?

ጥያቄ፦ መምህር፥ ልጄ በትምህርት ቤት ስለ ድንቅነሽና ስለ ዝግመተ ለውጥ ተምራ መጥታ ጠየቀችኝ። «በጥፋት ውኃ ያለቁት አጥንት ነው» ብዬ መለስሁላት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እኅታችን፥ ይህን መልስ ከብዙ ምእመናን እሰማለሁ። ለእምነት ከመቅናት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልክ አይደለም፥ ልጅዎም ነገ ትደርስበታለች።

ጎርፍ ያገኘውን ሁሉ ያደባልቃል። በአፋር ምድር ግን የሐይቅና የወንዝ ደለል በየመካከሉ በእሳተ ገሞራ አመድ እየተለየ ተነባብሯል። በዚያው በአራሚስ የተገኘችው አርዲ የተባለች ቅሪተ አካል የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ንብርብር ውስጥ ነበረች፤ የእግሯ አውራ ጣት ቅርንጫፍ ይጨብጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ነው፤ ዳሌዋና ጉልበቷ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ መሄዷን ያሳያሉ። በዚያው በአፋር ሄርቶ በተባለ ስፍራ የተገኘው፥ 160 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው ራስ ቅል ደግሞ የአንጎሉ ስፍራ 1,450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ እንደ እኛ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ራስ ቅል በአርዲ ንብርብር አንድም አልተገኘም። ተመራማሪዎች ለውጡን የሚያነቡት ከዚህ ቅደም ተከተል እንጂ ከአንድ አጥንት አይደለም።

«የካርቦን ልኬት ይሳሳታል» የሚሉም አሉ። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ አይረዳም፤ ለድንቅነሽም አልተጠቀሙበትም። የተለካው አጥንቷ ሳይሆን አመዱ ነው። ድንጋይ ሲቀልጥ በውስጡ ያለው የአርጎን ጋዝ ያመልጣል፤ ከጠጠረ በኋላ ግን በውስጡ ያለው ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ሲለወጥ፥ አርጎኑ በክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። ዕድሜው የሚታወቀው ይህ ተለክቶ ነው። ጎርፍ ከሌላ ስፍራ ያመጣው የቆየ ክሪስታል ከተቀላቀለበት ልኬቱ ይዛባል፤ ስለዚህ ክሪስታሎቹን አንድ በአንድ ይለካሉ።

ኢዮብ ወዳጆቹን ስለ እግዚአብሔር ብለው ሐሰት እንዳይናገሩ ገሥጿቸዋል (ኢዮ. 13፥7)። አምላካችን እኛ በፈጠርነው ወሬ እንድንሟገትለት አይሻም! ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩን (ዘፍ. 1፥27) ያመንነው ከመሬት ተቆፍሮ በወጣ ማስረጃ አይደለም፤ ስለዚህ ተቆፍሮ የወጣ አጥንት አያስደነግጠን። ቅሪተ አካል የአካልን ቅርጽና ዘመን ይነግረናል፤ እግዚአብሔር እፍ ስላለው የሕይወት እስትንፋስ (ዘፍ. 2፥7) ግን አይናገርም፥ እንዲናገርም አይጠየቅም።

እንግዲህ ልጅዎን ጠርተው «ስለ ጥፋት ውኃ የነገርሁሽ ልክ አልነበረም» ይበሏት፤ በዚህ ክብርዎ አይቀንስም። አዲስ አበባ ካላችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ወስደው የድንቅነሽን ቅጂ ያሳዩአት። ከዚያ የዘፍጥረትን ምዕራፍ 1 እና 2 አብራችሁ አንብቡ፤ ያልገባትንም ይዛ ወደ እኛ ትምጣ።