ለሙዚቃ ትምህርት ባሕር ለምትሻገሩ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ልጆቼ፣

ከደብረ ብርሃንም፣ ከመሐል ሜዳም፣ ከአንኮበርም፣ ከሸዋ ሮቢትም ውጭ አገር ሄዳችሁ ሙዚቃ ለመማር የምታስቡ ሁሉ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ቪዛና ስለ ስኮላርሺፕ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። ጣታችሁ ደህና ከሆነ ገብታችሁ የምትንገዳገዱት ግን በጆሮ ክፍል፣ በሃርመኒ (ድምፆችን አስማምቶ አብሮ የማሰማት ትምህርት) ክፍልና በሰዓት ነው። ሦስቱንም እዚሁ ጋቢ ተከናንባችሁ ልትዘጋጁባቸው ትችላላችሁ።

የጆሮው ትምህርት እንዲህ ነው። መምህሩ ፒያኖ ላይ ሁለት ድምፅ ይመታል፤ እናንተ ርቀታቸውን ትናገራላችሁ። ቀጥሎ አራት ወይም ስምንት ባር (ኖታው በምት የሚከፈልበት ክፍል) የሆነ ዜማ ጥቂት ጊዜ ይደጋግምና በኖታ ትጽፋላችሁ። በትዝታ ያደገ ጆሮ እዚህ ላይ የሚሰናከልበት ቦታ የታወቀ ነው። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። ዜማው ፋ ላይ ሲያርፍ ጆሯችሁ ወደሚያውቀው ጎረቤት ይጎትተውና ሚ ወይም ሶል ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሲ ሲመጣም እንደዚያው ላ ወይም ዶ ይሆንባችኋል። ነገሩን የማያውቅ መምህር «ይህ ልጅ ጆሮ የለውም» ሊል ይችላል። ጆሮስ አለ፤ የተሠራው ለሌላ ቤት ነው።

መድኃኒቱ ሌሎቹ ቅኝቶች ውስጥ አለ። ባቲን ውሰዱ፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ትዝታ የነሳችሁን ሁለቱንም ይመልስላችኋል። ሚ እና ፋ መካከል ያለው ግማሽ ድምፅ እዚያ አለ፤ ሲ ወደ ዶ ሲስብም ትሰሙታላችሁ። አምባሰል ከዶ ተነሥቶ ወዲያው ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ) ላይ ይወጣል፤ ፈረንጁ «ትንሹ ሁለተኛ» የሚለው ርቀት ይኸው ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ከዶ እስከ ሶል ፍላት ያለው ርቀት ትራይቶን ይባላል፤ የውጭ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ለመዝፈን የሚቸገርበት ርቀት ነው። አንቺሆዬን በደንብ ያወቀ የእኛ ልጅ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁት ይዘፍነዋል።

ስለዚህ በየምሽቱ 15 ደቂቃ ስጡ። ኪቦርድ ከሌላችሁ የስልክ ኪቦርድ ይበቃል። ዶን ያዙ፤ ከዚያ ወደ አንዱ የቅኝቱ ድምፅ በአፋችሁ ዝለሉ፤ የርቀቱን ስም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ በመጨረሻ ቁልፉን ተጭናችሁ አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ ቁልፉን ከተጫናችሁ ኮረጃችሁ እንጂ አልሰማችሁም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች የሚይዘው አምባሰል ከፒያኖው አምባሰል ጋር በልኩ አይገጥምም፤ ፒያኖ ኦክታቩን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) 12 እኩል ቦታ ከፍሎታልና። ለፈተና በፒያኖ ተለማመዱ፤ ማሲንቆውን በሌላ ሰዓት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካደረጋችሁ ከሁለቱም ትጠፋላችሁ።

የምትሄዱበትን አገር የድምፅ አጠራርም ከወዲሁ እወቁ። ጀርመን ቢ ሲል እኛ ቢ ፍላት የምንለውን ማለቱ ነው፤ እኛ ቢ የምንለውን (ከላይ ሲ ያልኩትን ድምፅ) እሱ ሃ ይለዋል። ይህን ሳያውቅ የገባ ልጅ የመምህሩን ንግግር ሲጽፍ ወሩን ሙሉ በግማሽ ድምፅ ይሳሳታል። ፈረንሳይና ጣልያን ዶ ምንጊዜም ያው አንድ ድምፅ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ሃንጋሪ ግን ዶ ከስኬሉ (ከድምፆቹ መሰላል) መነሻ ጋር ይዛወራል። አሜሪካ ኳርተር ኖት የሚለውን እንግሊዝ ክሮቼት ይለዋል። መቃኛም ይለያያል፦ አሜሪካ ላይ ኤ (ላ) በአብዛኛው 440 ኸርዝ ነው፤ የጀርመንና የኦስትሪያ ኦርኬስትራዎች 442 ወይም 443 ላይ ይቃኛሉ። የስልካችሁን ቱነር እዚያው እንደደረሳችሁ አስተካክሉት።

ሃርመኒ ክፍል መጀመሪያ የምትማሩት ከአምስተኛው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ወደ አንደኛው መመለስን ነው። በዶ ስኬል ሶል፣ ሲ፣ ሬ ወደ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ይመለሳል። ይህንን አምባሰል ላይ ሞክሩት። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ያን አምስተኛ ኮርድ ለመሥራት ሲንም፣ ያልወረደ ሬንም ከውጭ ልትበደሩ ነው። በተበደራችሁበት ቅጽበት ቅኝቱ ይፈርሳል። አገር ቤት ኪቦርድ የታከለባቸው ብዙ ዘፈኖች ትዝታው ወይም አምባሰሉ እንደ ሻይ የቀጠነባቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ለፈተና የምትጽፉትን በእነሱ ሕግ ጻፉ፤ አትከራከሩ፤ ሕጉን ለማወቅ ነው የሄዳችሁት። የራሳችሁን ሥራ ስትጽፉ ግን ከቅኝቱ ውስጥ የሚወጡትን ኮርዶች ፈልጉ። አምባሰል ውስጥ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት አለ፤ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶም አለ። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅና ቦስተን በርክሊ ተምሮ ቅኝትን ከጃዝ ጋር ያገናኘበትን መንገድ ኖታ ይዛችሁ አድምጡት፤ የት ላይ እንደተበደረና የት ላይ እንዳልተበደረ በእርሳስ ምልክት እያደረጋችሁ።

ዜማ ቤት የነበራችሁ ዲያቆናት በቃል መያዝ ላይ ማንም አይደርስባችሁም። የዜማ ስልቶቹን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለይቶ የያዘ አእምሮ የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባሕን አንድ ገጽ በሁለት ቀን ይይዛል። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፤ ቶሎ በቃላችሁ ስለምትይዙት ዓይናችሁ ኖታውን ማንበብ ያቆማል። ለዚህ የሚሆነው በየቀኑ 10 ደቂቃ አይታችሁት የማታውቁትን ገጽ መክፈት ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርጉ፤ ብትሳሳቱም አትቁሙ፤ ያንኑ ገጽ በማግስቱ አትድገሙት።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የኦዲሽን (የመግቢያ ጨዋታ ፈተና) ደብዳቤ 10:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ያውም በእነሱ አገር ሰዓት። የእኛን አቆጣጠር የለመደ ሰው 10 ሰዓት ብሎ ከሰዓት በኋላ ቢደርስ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ብዙ የአሜሪካ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚዘጉት ታኅሣሥ ሳይገባ፣ በእነሱ ዲሴምበር 1፣ በእኛ ኅዳር 22 ገደማ ነው። ኅዳር ሚካኤልን አክብራችሁ ስትመለሱ የቀራችሁ ዐሥር ቀን ብቻ ነው። የትውልድ ቀናችሁ በአንዱ ወረቀት በእኛ፣ በሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ሰባት ስምንት ዓመት የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ትሆናላችሁ። ስማችሁም እንዲሁ፤ ፓስፖርት ላይ የአያታችሁ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቆጠራል። ትራንስክሪፕት፣ ዲፕሎማና ፓስፖርት ላይ ያለው የፊደል አጻጻፍ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ ሰነድ ከማስተርጎማችሁ በፊት አስተያዩት።

ለማጣሪያ የሚላከው ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ያልተቆረጠ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ የተቀረጸ መሆን አለበት፤ ፊታችሁና ሁለቱም እጆቻችሁ ይታዩ። ስልኩን አግድም አስቀምጡት፤ ከሁለት ሜትር ገደማ ራቁ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትቅረጹ፤ ዝናቡ ከበሮ ሆኖ ይገባል። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ድምፁን ያስተጋባዋል፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ብትሰቅሉበት ይሻላል። የመንዝ ባና ለዚህ የሚስተካከለው የለም።

ገንዘብ ላይ አጭር ልሁን። ጀርመን በርካታ የመንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ለቪዛው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዝግ ሒሳብ 11,904 ዩሮ ማሳየት ያስፈልጋል፤ በወር 992 ይለቀቅላችኋል። ልኩ ስለሚቀያየር ከማመልከታችሁ በፊት ኤምባሲው የሚለውን እዩ። የሙዚቃ ተማሪን ለይቶ የሚጥለው ወጥመድ ሌላ ነው። ዓርብ ማታ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ «ተጫወትልን፣ እንከፍልሃለን» ይሏችኋል። የእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ በግል መሥራትንና በአዝናኝነት ሙያ መሥራትን ይከለክላል፤ ማሲንቆ ይዞ መድረክ ላይ ተከፍሎ መጫወት እዚያ ውስጥ ይወድቃል። አሜሪካ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት ግቢ ውስጥ እንጂ ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን ተቀጥሮ መሥራት ይፈቅዳል፤ በራስ ስም ለሠርግ መጫወት ግን ለብቻ ፈቃድ ይፈልጋል። በአንድ ምሽት 100 ዩሮ የአራት ዓመት ዲግሪ አታስይዙ።

መምህራችሁ በሳምንት አንድ ሰዓት ለብቻችሁ ይሰጣችኋል። መሪጌታ ሲቆጣ ይታወቃል፤ ፈረንጅ ግን ፈገግ ብሎ «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ «እንደገና ሥራው» ማለቱ ነው። ዓይናችሁን መሬት ላይ ተክላችሁ «እሺ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ አልተረዱትም ይላል። የትኛው ባር ላይ፣ ምኑ፣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ድፍረት አይባልም።

እጃችሁን ጠብቁ። እዚህ በቀን ሁለት ሰዓት የለመደ ልጅ እዚያ የመለማመጃ ክፍሉን ሲያገኝ በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ሰዓት ይቀመጥበታል፤ በአንድ ወሩ የእጅ አንጓው ይቃጠላል። 25 ደቂቃ ተጫውታችሁ 5 ደቂቃ ተነሡ፤ በየሳምንቱ ከ15 ደቂቃ በላይ አትጨምሩ። ለጆሮም ልክ አለው፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ይቀራል። ከነሐስ መሣሪያዎች ፊት የሚቀመጥ ሰው የሙዚቀኛ የጆሮ መሰኪያ ይግዛ። የምትጾሙ ትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ከባዱን ልምምድ ጠዋት በባዶ ሆድ ሳይሆን ከጾም መግደፊያ በኋላ አድርጉት፤ ካፌ ውስጥ የጾም ምግብ ስትፈልጉ ቪጋን የሚለውን ቃል ያዙ።

በመጨረሻ ሻንጣው። ማሲንቆ ቆዳው አየር ይሰማዋል፤ ጭጋግ በነበረበት ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ የቃኛችሁትን ይዛችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ድምፁ ከፍ እንደሚል ታውቃላችሁ። የአውሮፓ ክረምት ማሞቂያ የሸዋ ሮቢትን ያህል ያደርቃል። እንጨቱ 40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ይወዳል፤ ማሞቂያ ያለበት ክፍል ከ30 በታች ይወርዳልና መሣሪያውን ራዲያተር አጠገብ አትስቀሉት፤ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙ፤ ሲወርድ እርጥብ ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ዘርጉ። ከመብረራችሁ በፊት ክሩን አላሉት እንጂ አታውጡት። ትርፍ የፈረስ ጭራና ለደጋኑ የሚቀባ ዕጣን ያዙ፤ ዕጣኑ ካለቀ የቫዮሊን ሮዚን ይሠራል። ቆዳው ደርቆ የጸዳ፣ ፀጉርና ሽታ የሌለው ይሁን፤ ጉምሩክ ላይ የሚያስቆመው እሱ ነው። ሽሮና በርበሬ ጫኑ። እናታችሁ የመንዝ ቂቤ ልሸክፍ ካሉ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት እንደማይፈቀድ ቀስ ብላችሁ ንገሯቸው፤ በዚያ ቦታ ሁለተኛ ደጋን አስገቡበት።